ጠላው ቀጥኗል

በጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር አንድ ሰው የሚፈልገውን ሊጠይቅህ ሲመጣ መጀመሪያ የማይፈልገውን ሁሉ ይጠይቅሃል። እንዴት አደርክ፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ ከብቱስ፣ ባሕር ዳር ያለው ልጅ ደወለ ወይ፣ ዝናቡ ወደናንተ በኩል እንዴት አደረገ፣ በቆሎው ብቅ አለ ወይ እያለ ይቆያል። ቡናው ይፈላል፤ አቦሉም ቶናውም በረካውም ይጠጣል። «በሉ እንግዲህ ደኅና ዋሉ» ብሎ ዱላውን ያነሣል፤ ጋቢውን ያጣፋል። ደጃፉን ካለፈ በኋላ፣ ድንገት ትዝ እንዳለው ሰው ዘወር ይልና «እኔ የምለው፣ ያ ቀዩ በሬ ማክሰኞ ሥራ አለው እንዴ?» ይላል። የመጣው ለዚህ ነው። ያለው አንድ በሬ ብቻ ነው፤ መቀናጆ አጥቷል፤ ሌሊቱን ሲገላበጥበት ያደረው ነገር ይኸው ነው።

አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ አንድ ዘመዴ ይህን አይቶ ሊፈነዳ ደረሰ። «ለምን ሲገባ አይጠይቅም? ግማሽ ቀን አቃጠለ እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ተቃጥሏል። ግን ቀጥሎ የሆነውን ልብ አላለም። የበሬው ባለቤት «ማክሰኞ እንኳ ወንድሜ ሳይዘው አልቀረም መሰለኝ» አለ። እንግዳው «ኧረ እንዲያው ነው፣ ነገርን ነገር ያነሣዋል ብዬ ነው» አለ። አለቀ። እሱ አልለመነም፤ ባለቤቱም አልከለከለም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ አንዱ ካንዱ ዓይን የሚሸሽበት ምክንያት የለም። ጥያቄው ከነመውጫ በሩ ተሠርቶ ነው የመጣው።

ስለ ቃል መምረጥ ብዙ ተብሏል። በየስልጠናው አሰልጣኞች ነጭ ሰሌዳ ላይ ጽፈው ያስተምሩታል፤ እኛም በደብተር ገልብጠን፣ አበል ፈርመን እንመለሳለን። እኔ ግን ከዚህ አገር ሰው የተማርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቃል መረጠ የሚባለው ለሰሚው በክብር የሚወጣበት በር የተወለት ሰው ነው። ማር የተቀባ ንግግር በሩን ከዘጋ ያስቀይማል፤ የሚጎረብጥ ንግግር በሩን ከተወ ይደመጣል።

ለዚህ ከጅጋ ወዲያ የሆነ አንድ የጠላ ነገር አለ።

ሰውየው የወር ማኅበር ተራው ደርሶት ሚካኤልን አወጣ። ዳቦ ተቆረሰ፣ ንፍሮ ቀረበ፣ ጠላ ተቀዳ። ማኅበርተኛው በሙሉ አለ፤ ቄሱ አሉ፤ የሰውየው እናትም አሉ። ሰውየው ዋንጫውን ቀመስ አደረገና፣ ሊያስቅ ብሎ ነው መቼም፣ «ዘንድሮ ጠላው ቀጥኗል፤ ጌሾ ከአገር ጠፋ እንዴ?» አለ። ሰው ሳቀ። እናቱ ደግሞ ከሰው ሁሉ አስበልጠው ሳቁ። ሚስት ምንም አላለችም። ቀዳች፣ ደገመች፣ አጠበች፣ ጋኑን ከደነች። በነጋታው ሕፃኑን አዝላ አባቷ ቤት ገባች።

ሰውየው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ በሳምንቱ ደግሞ ራሱ ሊጥ ሊያቦካ ሞክሮ ሦስት ሽማግሌ ልኮ ራሱም ተከተለ። ሽማግሌዎቹ አባቷ ቤት ሲደርሱ ስለ ጠላ ያነሣ የለም። ስለ ዝናብ አወሩ። ስለ ስንዴው ዋግ አወሩ። ስለ አንድ የጠፋች ጊደር ብዙ ተባለ። በመጨረሻ ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንዲያው ለመሆኑ ልጄ፣ ምን ብናስቀይምሽ ነው?» አሏት።

«ብናስቀይምሽ» ነው ያሉት። ሽማግሌው በዚያ ማኅበር ላይ አልነበሩም፤ ጠላውን አልቀመሱም። ጥፋቱን ግን መጥተው ትከሻቸው ላይ ጣሉት። እዚያ ጥግ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠው ባል ቀና የማለት ዕድል ያገኘው ያኔ ነው።

ልጅቱ መለሰች። «አባቴ፣ ጠላው ቀጥኖ ነበር። እኔም አውቃለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ጌሾው አንሶ ነበር። ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ ገዝተህ ና አልኩት፤ ረስቶት መጣ። እናቱም ሲስቁ፣ ሰውም ሲስቅ ይህን መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም።»

አስቡት እንግዲህ። ሰውየው በሰው ፊት በሯን ሲዘጋባት፣ እሷ የሱን በር በእጇ ይዛ ቆማ ነበር ማለት ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብትናገር ሳቁ ሁሉ ወደሱ ይዞር ነበር። ጠላው ቀጠነ መባሉ ውሸት ሆኖ አይደለም ያስኮረፋት፤ እውነት ነው፣ እሷም አልካደችም። እሷ የዋጠችለትን እሱ ሊውጥላት አለመቻሉ ነው።

ፍርዱም እንደ ነገሩ ሆነ። ባል በሚቀጥለው ማኅበር፣ በዚያው ሰው ፊት፣ እናቱም ባሉበት ነገሩን እንዲያቀና ተወሰነ። እዚህ ላይ ግን ትልቅ ክርክር ተነሣ። ልጅቱ «ጌሾውን የረሳሁት እኔ ነኝ ይበል» አለች። እሱ ላብ አጠመቀው። ሽማግሌው ሁለቱንም አዩና «‹ባለፈው ወር ጌሾ ተረስቶ ነበር› ይበል» አሉ። «ማን ረሳው ሊባል ነው?» አለች። «ልጄ፣ ከተረሳ ገበያ የሚወጣው ማን እንደሆነ አገሩ ያውቃል» አሏት። ሳቀች። ሕፃኑን አዘለች። እንግዲህ ሰውየው «ተረስቶ ነበር» በምትል አንዲት ቃል ክብሩን ይዞ ወጣ፤ እሷም እውነቷን ይዛ ገባች። የሕግ ትምህርት ቤት ይህን በስንት ዓመት ያስተምራል?

ይህችው «ተረስቶ ነበር» ወደ ስብሰባ አዳራሽ ስትገባ ግን መልኳን ትቀይራለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜ፣ አንድ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። ቀበሌውን አልጠራም፣ ሹሙንም አልጠራም፤ ደግሞ ብጠራው ምን ይጠቅማል፣ ሁላችሁም የምታስታውሱት የየራሳችሁን ሹም ስም ነው። ጊዜው በቆሎ የሚዘራበት ነው። ማዳበሪያው አልመጣም። እዚህ አገር፣ ጃቢ ጠህናንም ሆነ ቡሬ፣ በቆሎ ያለ ማዳበሪያ መዝራት ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ኤንፒኤሱ ከዘሩ ጋር ካልገባ፣ ዩሪያው ደግሞ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ካልተጨመረ፣ ታኅሣሥ ላይ የሚታፈሰው አገዳ ነው።

ሹሙ ድምፅ ማጉያውን ያዘና ጀመረ። «ግብዓት በወቅቱ ከማቅረብ አኳያ አንዳንድ ክፍተቶች ታይተዋል» አለ። ማን እንዳሳያቸው አልተናገረም፤ ክፍተቶቹ ራሳቸው መጥተው ታይተዋል። «የቅንጅት ችግር ተስተውሏል» አለ። «በቀጣይ እንዲታረም አቅጣጫ ተቀምጧል» አለ። አቅጣጫው የት እንደተቀመጠ የጠየቀ የለም። እስከዚህ ድረስ ሁሉ ነገር የሆነው በራሱ ነው፤ እጅ የለበትም፣ ስም የለበትም። ቀጠለና ወደ እኛ ዞረ፤ ሰዋስዉም አብሮ ዞረ። «እናንተ ግን ሰንፋችኋል። ማሳችሁን ደጋግማችሁ አላረሳችሁም። የመንግሥትን እጅ ትጠብቃላችሁ።» አሁን ግሱ ሁሉ ባለቤት አገኘ!

ሽማግሌው ባልየውን ለማውጣት የተጠቀሙበትን በር ይህ ሰው ራሱ ወጥቶበት ከውጭ ቆለፈብን። የገበሬው መልስ ዝምታ ነበር። ጎጃም ውስጥ ዝም ያለ ጉባኤ የተስማማ ጉባኤ አይደለም፤ ይህን ያልተረዳ ሹም ሪፖርቱ ላይ «በከፍተኛ መግባባት ተጠናቋል» ብሎ ይጽፋል። በመጨረሻ አንድ አዛውንት እጃቸውን አወጡ። ተነሡ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ «የኔ ልጅ፣ ዕድሜህን ያርዝመው» ብለው መረቁት። ሹሙ ፈገግ አለ። «ንግግርህ ደርሶናል። ማዳበሪያው ሲደርስ ደግሞ ጥራን» ብለው ባርኔጣቸውን መልሰው ደፍተው ወጡ። ቀስ በቀስ ሰው ተከተላቸው። መርቆ የወጣን ሰው መቆጣት አይቻልም፤ ሹሙም ለውሃ ዕረፍት ሰጠ።

መቼም ጥፋቱ የድምፅ ማጉያው አይደለም። ቡሬ ላይ ድምፅ ማጉያ ከዚህ የተሻለ ነገር የሠራበት ጊዜ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ከሱዳን ድንበሩን ሲሻገሩ፣ የቡሬ ምሽግ በኮሎኔል ናታሌ በሚመራ በብዙ ሺህ የሚቆጠር የኢጣሊያ ጦር ተይዞ ነበር። በእንግሊዛዊው ኦርድ ዊንጌት የሚመራው ጌዴዎን የተባለው ኃይል ሁለት ሺህ ሰው እንኳ አይሞላም። በምሽጉ ውስጥ ከነበረው ጦር ብዙው ደግሞ ፈረንጅ አልነበረም፤ ባንዳ ነው፣ የዚሁ አገር ሰው ነው፣ የኤርትራ ልጅም ነው። አርበኛው ከውጭ፣ ዘመዱ ከውስጥ።

በዚሁ ዘመቻ ጆርጅ ስቲር የሚባል የቀድሞ ጋዜጠኛ ነበር። የስፔኗ የጌርኒካ ከተማ በ1929 ዓ.ም. በአውሮፕላን መደብደቧን ለዓለም ካሰሙት አንዱ ነው። የዚህ ሰው መሣሪያ የአማርኛ ወረቀትና ድምፅ ማጉያ ነበር። ድምፅ ማጉያው በቡሬና በማንኩሳ ምሽጎች አካባቢ በአማርኛ ይጣራ ነበር፤ መልእክቱ ባጭሩ ንጉሣችሁ ተመልሷል፣ ኑ፣ ምሕረት አለ የሚል ነው። የሚከዳው ሰው በረከተ። ናታሌ የካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቆ ወጣ። ቡሬን ቃል ብቻውን አስለቀቃት አልልም፤ አርበኛው አምስት ዓመት ሙሉ ያደማው ጦር ነው፣ መድፉም ተኩሷል፣ ከምሽጉ የወጣው ጦርም በደምበጫ መንገድ ላይ ብዙ ደም አፍስሷል። ግን ያ ድምፅ ማጉያ «እናንተ ከሃዲዎች፣ አንድ ባንድ እንሰቅላችኋለን» እያለ ሲያስጮህ ቢያድር ኖሮ ምሽጉ ውስጥ ያለው ባንዳ ምን ምርጫ ነበረው? እስከ መጨረሻዋ ጥይት ይተኩስ ነበር። በር ስላገኘ ወጣ። ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡን ክፉን በክፉ አትመልሱ ማለታቸው የሚታወስ ነው። እዚያች ቀን ላይ ሌላ ቃል መርጠው ቢሆን ኖሮ የከተማዋ ጎዳና ምን ይመስል እንደነበር ማሰብ ይከብዳል።

ከቡሬ በስተደቡብ፣ ከዓባይ ማዶ፣ የእንባቦ ጦርነት የተደረገበት የሆሮ ጉዱሩ አገር አለ። በ1874 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከዓባይ ማዶ ያለውን አገር እኔ ልግዛ እኔ ልግዛ ብለው እዚያ ተዋጉ። ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አፈ ታሪኩ እንዲህ ይተርከዋል፤ ምኒልክ ምርኮኞቹን ሰብስበው እናንተ ብትይዙኝ ምን ታደርጉኝ ነበር ብለው ጠየቁ። የጎጃም ሰው ደግሞ ለአንድ ጊዜ ዙሪያ ጥምጥሙን ትቶ እውነቱን ተናገረ፤ እንዲህ እንቆራርጥህ፣ እንዲህ ለአውሬ እንጥልህ ነበር ብሎ። ምኒልክ ሳቁና ቁስለኛውን ንጉሥ አሳከሙ ይባላል።

ቃል በቃል እንዲህ ተባብለው ይሁን አይሁን ተረቱ ይመልስ። ምኒልክ የማረኩትን ንጉሥ በክብር መያዛቸው ግን ታሪክ ነው፤ ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ በ1888 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር አስከትለው ዓድዋ ላይ ከምኒልክ ጎን መሰለፋቸውም ታሪክ ነው። በመካከሉ ብዙ ነገር ተፈራርቋል፤ ዓድዋን አንዲት የእንባቦ ቃል አመጣችው ማለት ሞኝነት ነው። ሆኖም ሰው ቆስሎ በተያዘበት ዕለት የሰማውን ቃል አይረሳም። ለዚህ ንጉሥ መሆን አያስፈልግም፤ ያቺን የጅጋ ልጅ ጠይቁ።

እንግዲህ ማንኩሳን ካነሣን ደራሲውን ሐዲስ አለማየሁን ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። የልብ ወለዱ በዛብህ የተወለደው ማንኩሳ ነው፤ አገሩ ዛሬም በዚህ ገጸ ባሕርይ እንደ ቅርብ ዘመድ ይኮራል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ሁላችንም በውስጡ ያለውን ጉዱ ካሣን እንወዳለን። የሚናገረው ሁሉ ልክ ነው። ስለ ዘር ኩራቱ ልክ ነው፣ ስለ ሹማምንቱ ልክ ነው። ያም ሆኖ ያገሩ ሰው «ጉዱ» ብሎ ስም አውጥቶለት ተገላገለ። እኔ እንደሚመስለኝ የካሣ ችግር የቃል ሳይሆን የበር ነው፤ ሰሚውን ከግድግዳ ጋር አጣብቆ ነው የሚናገረው። በመጽሐፍ ውስጥ እንወደዋለን፤ ጎረቤታችን ቢሆንና በሠርጋችን ዕለት ቢመጣ ግን ድንኳኑን በየት በኩል እንደምናዞረው እግዜር ይወቀው። የዚያው መጽሐፍ ባላባት ፊታውራሪ መሸሻ ደግሞ ይብሳሉ። ገበሬው የተጨመረበትን ግብር አልከፍልም ሲል የሳቸው መልስ ዘመቻ ሆነ። ሄዱ፣ ተዋጉ፣ በገዛ ገበሬያቸው ተማረኩ። ካሣ በሩን የዘጋው በእውነት ነው፣ ፊታውራሪ በትዕቢት፤ ሁለቱም ተዘግተው ቀሩ።

አሁን ደግሞ ስለራሳችን እንነጋገር፤ መቼም በር በመተው የጎጃምን ሰው የሚያህለው የለም ብለን ደረት መንፋት አንወድም አልልም። አገሩ ዋሸራና ጎንጅ ቅኔ የተዘራበት ነው፤ ልጁ ፊደል ሳይቆጥር ሰምና ወርቅ ይለያል። ችግሩ ሰምና ወርቅ ጤና ጣቢያ ሲገባ ነው። አንዲት ወጣት ነርስ ያጫወተችኝ ነገር አለ።

«አባባ፣ እንዴት ነዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደኅና ነኝ።»

«ምን ሆነው መጡ ታዲያ?»

«ኧረ ምንም አልሆንኩ። ልጆቹ ናቸው እንጂ እኔስ አልመጣም ብዬ ነበር።»

«የሚያምዎት ነገር የለም?»

«የሰው ልጅ መቼም ሕመም አያጣው፤ አልፎ አልፎ እዚህ ጋ ቆንጠጥ ያደርገኛል።»

ቆንጠጥ ያደረጋቸው ከትናንት ጀምሮ ሽንት እንቢ ብሏቸው ነው። ነርሷ አሁን ብልሃት አግኝታለች፤ በሽተኛውን ትተዋለች፣ አብሮ የመጣውን ትጠይቃለች። አብሮ የመጣው ይሉኝታ የለበትም፤ «ኧረ ሊሞት ነው፣ ምን ትጠይቂናለሽ!» ይላታል። ምርመራው በዚህ ይጀመራል።

መርዶም አለ። አዲስ አበባ ላለ ሰው ስልክ ተደውሎ «አባትህን ትንሽ አሞታል፣ ብቅ ብትል» ከተባለ፣ ትርጉሙ ተቀብሯል ማለት እንደሆነ ሕፃኑም ያውቃል። ቃሉ ሲለሰልስ፣ ሲለሰልስ፣ መጨረሻ ላይ ምላጭ ሆኖ አረፈው። አንድ የማውቀው ሰው ይህንኑ ስልክ ሰማ። ሚስቱ ጥቁር ለበሰች፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ሚኒባስ በኮንትራት ተያዘ፣ ሌሊቱን ሙሉ እያለቀሱ ደብረ ማርቆስን አለፉ፣ ደምበጫን አለፉ፣ ጎሕ ሲቀድ ከመንደሩ ደረሱ። ዋይታው ሲሰማ አባትየው ቆሎ እየቆረጠሙ ከቤት ብቅ አሉና «ምነው፣ ማን ሞቶ ነው?» አሉ። ሳል ይዟቸው ነበር። ትንሽ አሟቸው ነበር። ደዋዩ ምን አጠፋ? እውነቱን ነው የተናገረው። እውነቱን የሚናገርበትን ቃል ግን አገሩ አስቀድሞ ለሌላ ነገር ጨርሶታል። ለኮንትራት የወጣውን ብር ማን እንደሚከፍል እስከ ዛሬ በሽምግልና ላይ ነው።

ስለዚህ በር መተው ማለት ቤቱን መደበቅ አይደለም እላለሁ። ጅጋ የሄዱት ሽማግሌ ስለ ዝናብም ስለ ጊደርም አወሩ እንጂ ጌሾዋን ሳያነሡ አልተመለሱም። ዙሪያውን ሄደው ሄደው ደረሱ። እኛ ግን አንዳንዴ ዙሪያውን እንወደውና እዚያው እንቀራለን።

አመራር የሚባለውን ነገር፣ በር እየተዉ መድረስን፣ ከስብሰባ ይልቅ ከመናኸሪያ መማር ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። የፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ረዳት «ቡሬ፣ ቡሬ፣ አንድ ሰው የቀረው!» ሲል መኪናው ውስጥ ያለነው ሹፌሩን ጨምሮ አራት ነን። ይህን ውሸት ይቅር እንለዋለን፤ ውሸት መሆኑን እሱም እኛም እናውቃለን። ለሦስት በተሠራው ወንበር ላይ አምስተኛውን ሰው ሲያስገባ የሚለውን ስሙ፤ «ቤተሰብ፣ እስቲ ለእናታችን ጠጋ ጠጋ።» ጠጋ ያላለ ሰው የገዛ እናቱን የከለከለ ሊመስል ነው። ሳንወድ በፈቃዳችን እንጠጋለን። ባለፈው አንዱ ጀማሪ ረዳት ያንኑ ነገር «አንተ ወፍራሙ፣ ሰብሰብ በል!» ብሎ ሞከረው። ወፍራሙ ሰው ይባስ ተዘረጋ። እስከ ማንኩሳ ድረስ እንደተዘረጋ ሄደ፤ ሁላችንም በሱ ምክንያት ተጣብቀን እየተሰቃየን በልባችን ከሱ ጋር ነበርን።

የትዳሩን ነገር ያስታወሰኝ እንዲያው እዚያው መናኸሪያው አጠገብ፣ ስልክ ከሚጠግነው ልጅ ሱቅ ያየሁት ነው። በኛ አገር ብዙ ባል የሚስቱን ስም አይጠራም። «ቤት ያለችው» ይላል፣ «የልጆቹ እናት» ይላል፣ ሲብስ «እነሱ» ይላል። ስልኩ ላይ ደግሞ «ቤት» ብሎ ይመዘግባታል። አንድ ጎልማሳ ገበሬ አሮጌ ቴክኖውን ይዞ መጣና «ይችን ‹ቤት› የምትለዋን ቀይርልኝ» አለ። ሚስቱ የጎረቤቷ ባል ስልክ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ሰምታ «እኔን ጣራና ግድግዳ አረግኸኝ» ብላው ኖሯል።

«ማን ልበላት?» አለ ልጁ።

ሰውየው አሰበ። ዱላውን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ። «ትልቁ ቤት በላት።»

«ሌላ ትንሽ ቤት አለ እንዴ ጋሼ?»

ሰውየው ደነገጠ። «ኧረ ተወው! እሷም እንዲሁ ነው የምትለኝ።»

«በቃ ስሟን ልጻፈው?»

«ስሟን? ሰው ቢያየውስ!» አለና ዙሪያውን ተመለከተ። ከብዙ ምክክር በኋላ፣ እኔም ሳልጠየቅ ሐሳብ ሰጥቼ፣ «የልጆቼ እናት» ተባለ። የስልኩ መስኮት ጠባብ ስለሆነ «የልጆቼ እና» ላይ ተቆረጠ። ልጁ ለሙከራ እንድትደውል አደረገ። ስልኩ ጮኸ፣ አዲሱ ስም ብልጭ አለ፣ ሰውየው በኩራት ለሁላችን አዙሮ አሳየን። ከዚያም ጆሮው ላይ ለጠፈና በዚያ በለመደው ድምፁ «እህ! ምን ጎደለ?» አላት።